መርዶ የያዘው በር

ከመኪና የውስጥ መስታወት ሥር ሦስት ትንንሽ ቁልፎች አሉ። የግራው ሲጫኑት የቤትን በር ይከፍታል፣ የመሃሉ የመንደሩን፣ የቀኙ ደግሞ እንደ ሰዉ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ግቢ። በዕድሜዬ ከአራት ሺህ በማያንሱ መኪኖች ላይ እነዚህን ቁልፎች ጠግኛለሁ። ስለ እነሱ ስናገር የሚያርመኝ ሰው እምብዛም አይገኝም።

ስሜ ባሮክ ነው። ዕድሜዬ ስልሳ ዘጠኝ ነው፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርኩ። የምኖረው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ፣ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ቢያይ ከአጥር በቀር ብዙ ነገር በማይታየው መንደር ነው። አጥሩ ስድስት ሜትር ነው፤ ከላዩ ሽቦ አለው፣ ሽቦው ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ዘበኛ የሚባል ሰው የቀረው እኛ ጎልማሶች ሳለን ነው። የእግረኛ በር በ2049 ዓ.ም. በአዋጅ ተደፈነ። ከዚያ ወዲህ ሰው ወደ ቤቱ የሚገባው በመኪና ብቻ ነው። ከፊት ለፊቴ ጎረቤት ጨው ልጠይቅ ብል መኪና አስነስቼ፣ መንገዱን አቋርጬ፣ ጥሩንባ ነፍቼ ነው። መንገዱ ዐሥራ አራት እርምጃ ነው፤ ለክቼዋለሁ።

ፊት ለፊቴ የሚኖረው ያብስራ ነው። እኩያዬ ነው፣ የሂሳብ አስተማሪ ነበር፣ ከሃያ ዓመት በላይ ተጎራብተናል። ሚስቱ ኤልዳና ሳንባዋን ታማ ከፎቅ ሳትወርድ ሁለት ዓመት አልፏታል። በአፍንጫዋ ቱቦ፣ በእጇ የጤና አምባር፣ ከአልጋዋ አጠገብ የኦክስጅን ሲሊንደር። ያብስራ በየሁለት ቀኑ ባዶውን ወስዶ ሙሉውን ያመጣል። መንደሩ ውስጥ ሰዓት የምንሞላው በእሱ መውጣትና መግባት ነው ብዬ እቀልድበት ነበር።

ጥር 24 ቀን 2071 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ላይ ስልኬ ነዘረ። መልእክቱ ከማጽናኛ ነበር። ማጽናኛ የከተማው ዕድሮች ሁሉ የተጠቃለሉበት አገልግሎት ነው፤ የሚያስተዳድረው ሰው አይደለም።

«ወ/ሮ ኤልዳና ዐርፈዋል። ባለቤታቸው ከቤት ውጭ ስለሆኑ አልሰሙም። ልጃቸው ከሐዋሳ 10፡40 ትደርሳለች። መርዶ 11፡00። የቤቱ በር እስከዚያ ተይዟል። ጎረቤትና የሙያው ሰው በመሆንዎ ባለቤቱን በሩ ላይ እንዲያቆዩ ተመድበዋል።»

ቁጭ አልኩ። ኤልዳናን እወዳት ነበር፤ ሚስቴ ከተለየችኝ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር ከአልጋዋ ሆና «ለባሮክ ሳህን አድርሱለት» የምትል እሷ ነበረች። ትንሽ አለቀስኩና ፊቴን ታጠብኩ፤ ምክንያቱም ያለቀሰ ፊት ይዞ ሰው ማቆየት አይቻልም።

እኛ ሞትን ብቻውን ላለ ሰው አንናገርም። አባቶቻችን ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ ውሸት ይፈጥሩ ነበር፤ ታማ ነው፣ ሐኪም ቤት ገብታ ነው፣ ይሉ ነበር። ማሽኖቹ ብዙ ነገራችንን ሲወስዱ ይህንንም ወሰዱት፣ እንዲያውም አሻሻሉት። ሐዘንተኛው ከውጭ ከሆነ በሩ የተበላሸ ይመስላል። እሱ ከበሩ ጋር ሲታገል ሰዓቱ ይሄዳል፣ ዘመድ ይደርሳል፣ የሚደግፈው ክንድ ከግራና ከቀኝ ይቆማል። እናቴ የሞተች ቀን እኔም በገዛ በሬ ላይ ሁለት ሰዓት ተይዣለሁ፤ ባለሙያው እኔ! የበሩን ሰሪዎች እስከ ዘር ማንዘራቸው ስሳደብ ቆየሁ፤ በኋላ መርዶውን ስሰማ ግን ስምንት እጅ ያዘኝ። ወድቄ ቢሆን ኖሮ አልነሳም ነበር። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ እኔም ሦስት ሰው እንዲሁ አቆይቻለሁ።

መኪናዬን አስነስቼ ዐሥራ አራቱን እርምጃ ነዳሁ። ያብስራ ከበሩ ፊት ቆሟል፤ የመኪናውን በር ከፍቶ አንድ እግሩን አስፋልቱ ላይ አውጥቶ በጣቱ ቁልፉን ይጫናል።

«ባሮኬ! እግዜር ነው የላከህ» አለኝ። «ይሄ በር ዛሬ ምን እንደነካው እንጃ፣ ወይ ፍንክች!»

«እስቲ ተጫነው።»

ተጫነው። ከቁልፉ በላይ ያለችው መብራት በራች፣ ከዚያ ቶሎ ቶሎ ተርገበገበች። የሙያው ሰው ላልሆነ ልንገር፤ እንዲህ ስትርገበገብ የመኪናው ቁልፍ ጤነኛ ነው፣ ጥሪውን ልኳል፣ የማይመልሰው በሩ ነው።

«ባትሪው ደክሟል» አልኩት።

ይህ ቁልፍ የራሱ ባትሪ የለውም፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ከመኪናው ነው። ማንኛውም የወርክሾፕ ለማጅ ያውቀዋል። ያብስራ ግን አያውቅም፤ በዚህ ጉዳይ የሚያምነው እኔን ነው።

ወደ ውስጥ ሳጎነብስ ሲሊንደሩን አየሁት። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የደህንነት ቀበቶ ታስሮለታል።

«የቤቱ ሲሊንደር እስከ ዘጠኝ ተኩል ነው የሚያደርሳት» አለ። «ሁለቴ አስልቼዋለሁ። አንድ ሰዓት ከሩብ አለን፤ አይደል?»

«አለን» አልኩት። በሆዴ ግን፣ እሷስ ከሰዓት አልፋለች ወንድሜ፣ አልኩ።

መኪናውን ሦስት ሜትር ወደ ኋላ አስመለስኩት፤ እንደገና አስጠጋነው። ሞተር አጥፍተን ዐሥር ደቂቃ ጠበቅን። ለበር አገልግሎት ደወልን፤ ለስላሳ የሴት ድምፅ እንደምን ዋላችሁ አለችን፣ የመኪናውን ዓመተ ምህረት ጠየቀችን፣ የመስታወቱን ገጽ በደረቅ ጨርቅ እንድንጠርግ መከረችን። ያብስራ በነጠላው ጫፍ ጠረገው። የመከረችን ነገር ሁሉ የሚረባ እንዳልነበር አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች። ሁለታችንም ሰዓት እየገፋን ነበር፣ እሷ በጨዋ አማርኛ፣ እኔ በመፍቻ።

ከዚያ «ዳርና ዳር ያሉትን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ለሃያ ሰከንድ ይጫኑ» አለች።

ይህ ትልቁ ነገር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ መቆየት መኪናው የሚያውቃቸውን በሮች በሙሉ ያስረሳዋል። አንድ ባለሙያ ይህን የሚያደርገው ሌላው ሁሉ ሲያልቅበት ነው፤ የበሩ ሞተር እጁ ላይ ሳለ ብቻ።

«ልያዘው ወይ?» አለ ያብስራ።

«ቆይ፣ እኔ ልያዘው።»

ያዝኩት። መብራቷ ሃያ ሰከንድ ሙሉ በርታ ቆየችና ጠፋች። መኪናው ቤቱን ረሳ።

«አሁንስ?»

«አሁን እንደገና ማስተማር ነው። ጋራዡ ጣሪያ ላይ ያለው የሞተር ሣጥን ቁልፍ አለው፤ እሱን መጫን ያስፈልጋል።»

«ሣጥኑ ያለው ውስጥ ነው።»

«አዎ።»

«እንግዲህ ለመግባት መጀመሪያ መግባት አለብን ማለት ነው» አለና ሳቀ። እንደ አስተማሪ ነው የሳቀው፤ ተማሪ የተሳሳተ ሒሳብ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ እንደሚስቁት።

ወዲያው አንድ ነገር ትዝ አለው። «ስማ! ባለፈው ክረምት የፌቨንን በር በሽቦ አይደል የከፈትከው? እዚያች የቁጥር መጻፊያ ሣጥን ጀርባ?»

ፌቨን የዕድራችን ዳኛ ናት፣ ጡረታ የወጣች ነርስ፤ ቤቷ ከእኛ ሦስተኛው ነው። ልክ ነው፣ በሯን በሽቦ ከፍቼዋለሁ። ከበሩ ጎን ያለችው ሣጥን አራት ብሎን አላት፤ ከኋላዋ ሁለት ሽቦ አለ፤ ሁለቱን ሲያነካኩ በሩ የተያዘም ቢሆን ይከፈታል። ብሎን መፍቻው ኪሴ ውስጥ ነበር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

«ያ የድሮ ሞዴል ነው» አልኩት። «በዚህኛው አይሠራም።»

የሁለቱም በር ባንድ ቀን፣ ከአንድ መኪና ላይ ነው የወረደው። እኔው ነበርኩ የገጠምኳቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ያብስራ ጥሩንባውን ሁለቴ ነፋ። ከአባቱ የወረሰው ልማድ ነው፤ አባቱ ለዘበኛው ሁለቴ ይነፉ ነበር። ዘበኛ ቀርቶም እሱ አልተወውም፤ ቤት በደረሰ ቁጥር ሁለቴ ይነፋል፣ ኤልዳና ደግሞ ከአልጋዋ ራስጌ ያለውን የመብራት ገመድ ስባ በፎቁ መስኮት ብልጭ ታደርግለታለች። ከአጥሩ በላይ የሚታየው ያ መስኮት ብቻ ነው።

መስኮቱ ላይ ብጫ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ።

«አየኸው?» አለ ያብስራ። ፊቱ በራ። «ሰማችን!»

እኔም አይቼዋለሁ። ወዲያው ግን የሞተ ሰው መብራት እንደማያበራ ለራሴ ነገርኩት።

«ፀሐይ ነው» አልኩት። «መስታወቱ ላይ ነው ያረፈው።»

«ፀሐይ ምን አባቱ! እሷ ናት» አለና የመኪናውን ጣሪያ በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገ። «ኤልዱዬ፣ መጣሁ!»

ከዚያ በኋላ ለሃያ ደቂቃ ያህል ሰውዬው ደስተኛ ነበር። እያፏጨ መስታወቱን ጠረገ። አሳዘነኝ፤ ፊቴን አዙሬ መሣሪያ የምፈልግ መሰልኩ።

ዘጠኝ ተኩል ሲቃረብ ፉጨቱ ቆመ። ወደ ስልኳ ደወለ፤ ጥሪ አይቀበልም። የመርዶ ዝግጅት ሲጀመር የቤቱ ስልክም አብሮ ይያዛል፤ ይህንን እኔ አውቃለሁ። ሁለቴ ነፋ። መስኮቱ እንደገና በራ፤ በዚህኛው ጊዜ ጠፍቶ በራ፣ ጠፍቶ በራ፣ ጠፍቶ በራ።

«ባሮክ፣ እየጠራችኝ ነው።»

«ደመና ነው ያብስራ። ፀሐዩ ላይ ደመና እያለፈ ነው።»

ቀና ብዬ ሰማዩን አላየሁም።

መኪናው ውስጥ ገባና በሩን ሊመታው ነዳጅ ረገጠ። መኪናው ግማሽ ሜትር ሲቀረው በራሱ ቆመ፤ እንደገና ረገጠ፣ እንደገና ቆመ። «የኔ መኪና አይደለም ወይ?» ብሎ መሪውን በጡጫ መታው። ወረደ፤ የጎማ መፍቻውን አንስቶ በሩን መቀጥቀጥ ጀመረ። ብረቱ ከመጮህ በቀር ምንም አልሆነም። «ኤልዱዬ! ቀስ ብለሽ ተንፍሺ! በአፍንጫሽ! ቀስ! እዚህ ነኝ!» ይላል። ከኋላው አቀፍኩት። ሰባ ሊሞላው የተቃረበ ሰው ነው፣ ግን ሊጥለኝ ምንም አልቀረው።

«ተው ልብህን» አልኩት። «ተው፣ ይከፈታል።»

«መቼ?»

«ይከፈታል አልኩህ።»

ዐሥር ሰዓት ሲደርስ ጥሩንባውን ነፋ። መስኮቱ ጨለማ ነበር። «ተኝታ ይሆናል» አለ። «ተኝታ ነው» አልኩት፤ እውነቱን ለመናገር፣ ፀሐዩ ከመስታወቱ ላይ በመነሳቱ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ያብስራ አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ለጎማው ሰጠ፤ መፍቻውን ግን አልለቀቀም።

ከዐሥር ተኩል በኋላ መኪኖቹ መምጣት ጀመሩ። ደንቡ እንደሚለው ከመታጠፊያው ወዲያ ቆሙ፤ ሰዎቹ ወርደው በእግራቸው መጡ። በመንደራችን መንገድ ላይ ሰው በእግሩ ሲሄድ የሚታየው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው። ከፊት ፌቨን፣ ከእሷ ኋላ ቄሱ፣ በመሃል ልጃቸው ምልከት። ሁሉም ነጠላቸውን ለሐዘን ዘቅዝቀው ለብሰዋል።

ያብስራ ልጁን አይቶ ተነሳ። «አንቺ ደግሞ ዛሬ ምን አመጣሽ? ትናንት ሥራ በዝቶብኛል አላልሽም?» አለ። ከዚያ የነጠላዋን ጥለት አየ። የፌቨንንም አየ። መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ማንም ሳይነካው በሩ ተከፈተ።

«ያብስራ» አለች ፌቨን ክንዱን ይዛ፣ «ኤልዳና ዐርፋለች።»

አልጮኸም። ሌላው ሁሉ ሲጮህ፣ ምልከት መሬት ላይ ስትወድቅ፣ እሱ ክንዱን አስለቀቀና ወደ መኪናው ተመለሰ። ቀበቶውን ፈታ፣ ሲሊንደሩን አቀፈ፣ ተሸክሞት ገባ። ደረጃውን ይዞት ወጣ። ልንቀበለው ሞከርን፤ እምቢ አለ።

ለሴቶቹ ገላዋን ለማጠብ ክፍሉ ሲለቀቅ ፌቨን ከደረጃው አናት ሆና በእጇ ጠራችኝ። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«መልእክቱ የደረሰህ በስንት ሰዓት ነው?»

«ስምንት ከአምስት።»

«ለእኔም እንደዚያው። ባሮክ፣ እኔ አርባ ዓመት አስከሬን ገንዣለሁ። ይህች ሴት ሦስት ሰዓት አልሞላትም። ገላዋ ይሞቃል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከአልጋዋ አጠገብ ያለው ሲሊንደር ጠቋሚ ባዶ ላይ ነው። የመብራቱን ገመድ ከእጇ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ።»

በዚያው ቅጽበት የሞት ምስክር ወረቀቱ በሁለታችንም ስልክ ገባ። ሰዓተ ሞት 9፡44 ይላል።

ጓሮ ወጥቼ ወደ ማጽናኛ ደወልኩ። ድምፁ በጣም ትሑት ነው። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለኝ። «ዝግጅቱ የሚጀምረው የአምባሩ ንባብ ከማይመለስበት ደረጃ ሲደርስ ነው። ቤተሰብን ለማሰባሰብ ጊዜ ያስፈልጋል። በዚህ ቤት ንባቡ የኦክስጅኑን ማለቂያ ጭምር አስቀድሞ አስልቷል።»

«ሌላ ኦክስጅን እኮ መጥቶ ነበር! በሩ ላይ ነበር!»

«አዎ፣ ተመዝግቧል። ሆኖም በሩ ተይዞ ነበር።»

«ለምን ተያዘ?»

«መርዶ ስለነበረ።»

ስልኩን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ፈልጌ ነበር። ግን ማንን ነው የምቆጣው? ብሎን መፍቻው ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው። የሚሠራውን ሽቦ አይሠራም ያልኩት እኔ ነኝ። መብራቱን አይቼ ፀሐይ ያልኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ በሩን ያዘ፤ ሰውዬውን ግን የያዝኩት እኔ በሁለት እጄ ነው።

ማታ ድንኳኑ ሥር የዕድሩ ሰዎች ከቄሱ ጋር በሹክሹክታ ተነጋገሩ። ያብስራ የምስክር ወረቀቱን እንዳያይ ምልከት ስልኩን እንድትይዝ ተደረገ። «አሁን ይህን የሚሸከም ጉልበት የለውም» አለች ፌቨን። «ሲጠነክር፣ ሰው ባለበት ይነገረዋል።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ። አንድ ጊዜ የለመደ አንገት ነው።

በሩ ሦስት ቀን ሙሉ ክፍት ሆኖ ሰነበተ፤ በሐዘን ቤት በር አይዘጋም፣ ይህንንም ማሽኑ ያውቃል። በአራተኛው ቀን ተዘጋ። የያብስራ መኪና ደግሞ ቤቱን እንደረሳ ነው።

በሰባተኛው ቀን ደወለልኝ። «ባሮኬ፣ ያችን ቁልፍ አስተምርልኝ፤ ምልከት ልትሄድ ነው» አለ። መሰላል ይዤ ሄድኩ፤ ምልከት በራሷ መኪና ከፈተችልኝ። ጋራዡ ጣሪያ ላይ ካለው ሣጥን ቁልፉን ተጫንኩ፣ እሱ መኪናው ውስጥ ሆኖ የግራውን ሁለቴ ተጫነ። መብራቷ ሳትርገበገብ በራች። በጠቅላላው አራት ደቂቃ ፈጀብን።

«ይኸው ነው?» አለ።

«ይኸው ነው።»

«ያን ቀን አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» አለ፤ ትከሻዬን ያዘኝ። «ብቻዬን ነበርኩ እኮ።»

መሰላሉን አጠፍኩ።

«ከውጭ እንሞክረው» አለ። ከጎኑ ተቀመጥኩ። ወጣን፤ በሩ ከኋላችን ተዘጋ። መንገዱ ላይ ዞረን ፊት ለፊቱ ቆምን። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አንድም ደመና የለም፣ አስፋልቱ ያቃጥላል። የመኪናው ሰዓት ልክ ዘጠኝ ይላል። ቁልፉን ተጫነ፤ በሩ በአንድ ጊዜ ተከፈተ።

ከዚያ እጁ ለምዶበት ጥሩንባውን ሁለቴ ነፋ። ሁለታችንም ሳናስብ ወደ መስኮቱ ቀና አልን።

ቤቱ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ነው። ፀሐዩ ከጣሪያው ወዲያ፣ ከጀርባው ነበር። መስኮቱ፣ ግድግዳው፣ በሩ ሁሉ ጥላ ውስጥ ነበሩ።

ያብስራ ለረጅም ጊዜ አየው። ሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ቸኩሎ አያውቅም። መጀመሪያ መስኮቱን፣ ቀጥሎ ጣሪያውን፣ ቀጥሎ የመኪናውን ሰዓት፣ መጨረሻ ላይ እኔን።

«ባሮክ» አለኝ፣ «ፀሐዩ የታለ?»

በሩ ለዐሥራ ሁለት ሰከንድ ተከፍቶ ጠበቀንና ተመልሶ ተዘጋ።